ለኮንዶሚኒየም የሚሆን ቲዩብ አምፕ፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቲዩብ አምፕ፣ ማለትም በቲዩብ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ይዤ እኖራለሁ። ጎረቤቶቼ እስካሁን ሰላም ይሉኛል። ይህን ያነሳሁት «ቲዩብ አምፕ የመድረክ ዕቃ ነው፣ ለቤት አይሆንም» የሚለውን ወሬ ብዙ ሰው ስለሚያምነው ነው። ለቤት ይሆናል። ሁሉም ግን አይሆንም። ደግሞ ሰው ሲከራከርበት የሚውለው ነገር ሌላ ነው፤ እዚህ አዲስ አበባ መሃል የሚያስቸግረው ነገር ሌላ።

ክርክሩ ሁሌ በብራንድ ነው። ፌንደር ይሻላል ማርሻል? ቮክስ ነው ኦሬንጅ? እኔ «አምፕ ልገዛ ነው» ለሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ «ከየት አገር ነው የሚመጣልህ?» የሚል ነው። ቀጥዬ «ሲበላሽስ ማን ይሠራልሃል?» እላለሁ። ድምፁ ከነዚህ ሁለቱ በኋላ ይመጣል። ሙዚቀኛ ሆኖ እንዲህ ማለት ያሳፍራል መሰለኝ፣ ግን ነገሩ እንደዚያ ነው።

ገና ለጀመራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቲዩብ ከትራንዚስተር በፊት የነበረ፣ ውስጡ አየር የሌለው የመስታወት ዕቃ ነው። እነዚያ ትልልቅ የእንጨት ሬዲዮኖች ተከፍተው እስኪሞቁ ዝም ብለው ቆይተው የሚናገሩት በሱ ነበር። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 መጣ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ቀስ በቀስ ቲዩብን ትቶ ሄደ። ጊታሪስት ግን አልተወም። ምክንያቱም ቲዩብ አቅሙ ሲያልቅ ድምፁን ቀጥ አድርጎ አይቆርጠውም። መጀመሪያ ይጨመቃል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሻክራል።

ትዝታ ስትጫወቱ ይህ ነገር ወዲያው ይሰማችኋል። ክሩን በስሱ ከነካችሁት ድምፁ ንጹሕ ነው። ጠንከር ካላችሁበት፣ ስሜቱ ሲመጣ ጉሮሮውን እንደሚያሻክር አዝማሪ ይሆናል። ቁልፍ መንካት የለም፣ ፔዳል መርገጥ የለም፤ ሥራው የጣት ነው። አምባሰል ላይም እንደዚሁ። አንድ ኖታ ይዞ ማንቀጥቀጥ፣ ማንሸራተት፣ መልሶ መያዝ ስለሚበዛበት ኖታው ሳይሞት ረዘም ብሎ መቆየቱ ይጠቅማል።

አንቺሆዬ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። ቅኝቱ ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ኖታዎች አሉ። ዲስቶርሽን (ያ መሻከር) ከበዛ ሁለቱ አብረው ሲጮኹ ይጋጫሉ፣ ሁሉም ነገር ይጨማለቃል። ስለዚህ የኛን ሙዚቃ ለሚጫወት ሰው ሦስት ቻናልና የጌን (የማሻከሪያ ኃይል) መዓት ያለው አምፕ እምብዛም አይጠቅመውም። ንጹሕ የሆነ፣ ሲገፉት ትንሽ የሚሻክር አምፕ ይበቃል። የአይቤክስንና የሮሃን ባንዶች የድሮ ቅጂዎች አውጡና ጊታሪስቱን ሰላም ስዩምን ስሙት። እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ይሰማል። «የድሮውን ድምፅ አምጣልኝ» ብሎ አምፕ የሚፈልግ ወጣት መጀመሪያ እዚያ ጣት ላይ ያለውን ቢያዳምጥ ደስ ይለኛል።

ወደ ዋት እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

15 ዋት አምፕ ከ5 ዋቱ ሦስት እጥፍ አይጮኽም። ለጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዋቱ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። በ5 ዋትና በ50 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ለጆሮ እጥፍ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ነገሩ ወደታችም ያው ነው። 5 ዋቱን ወደ ግማሽ ዋት ብታወርዱት ድምፁ የሚቀንሰው በግማሽ ያህል ነው። «አንድ ዋት እኮ ነው፣ ምንም አይልም» እያለ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑት። አንድ ዋት ደህና ስፒከር ላይ ሲገባ፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ 95 ዴሲቤል አካባቢ ይሰጣል። የኮንዶሚኒየም አግሮስቶን ይህን አይችለውም።

የታችኛው ፎቅ እትዬ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኙኝ። «አንተ ልጅ፣ ዘፈኑስ ደስ ይላል» አሉኝ። «ያ ግም ግም የሚለው ነገር ነው ጣራዬን የሚመታው።» ከየትኛውም መጽሔት የተሻለ ምክር ነው። የሚረብሻቸው ቀጭኑ ድምፅ ሳይሆን በወለሉ በኩል የሚወርደው ቤዝ ነው። አምፑን ከወለል አንስቼ ወንበር ላይ አደረግሁት። ከሥሩ የታጠፈ ወፍራም ብርድ ልብስ አለ። ከግድግዳው ጥግም አራቅሁት፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙ ይበዛል። ከዚያ ወዲህ እትዬ ቅሬታ የላቸውም። እንዲያውም ባቲ ስጫወት ካልሰሙ «ምነው ጠፋህ?» ይሉኛል። ለኔም ጠቀመኝ፦ ስፒከሩ ወደ ጆሮዬ ስለዞረ ድምፁን ሳልጨምር ጥርት ብሎ ይሰማኛል። አምፕ ወለል ላይ አድርጎ ቆሞ የሚጫወት ሰው የሚሰማው ጉልበቱ ነው። ጆሮው ስለማይሰማ ድምፅ ይጨምራል፣ ጎረቤት ያብዳል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፦ መብራት።

እዚህ አገር ያለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አምፕ ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የተሠራ ነው። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ በሻንጣ ያመጣላችሁን አምፕ እንዲያው ከሰካችሁት ፊውዙ ቢያድናችሁ ነው፤ ካልሆነ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ለዚህ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ስቴፕ ዳውን ይገዛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ስቴፕ ዳውን ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር 50 ላይ ሲሠራ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ስለዚህ የአምፑን ጀርባ አንብቡ። «50/60 ኸርዝ» ከተጻፈ ጥሩ ነው። 60 ብቻ ከሆነ እኔ አልገዛውም፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ። ሌላም ነገር አለ፦ አንዳንድ አምፕ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ለሁለቱም ቮልቴጅ ሽቦ አለው። ሙያው ያለው ሰው ከፍቶ ሽቦውን ቀይሮ ወደ 220 ሊያዞርላችሁ ይችላል። ሳይከፈት ግን አይታወቅም።

ከዱባይ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ነገሩ ይቀላል። እዚያ ያለው መብራት ከኛ ጋር ይግባባል። ከአውሮፓም፣ ከለንደንም፣ ከቻይናም ያው ነው። የሚቀየር ነገር ካለ ስፒናው ብቻ ነው። እዚች ላይ ግን አንድ ክፉ ልማድ አለን። የዱባይና የለንደን ስፒና ሦስት እግር አለው። ሰው ምን ያደርጋል? ቆርጦ ጥሎ ባለ ሁለት እግር ይገጥምበታል። ለስልክ ቻርጀር ይሁን። ለቲዩብ አምፕ ግን ሞት መጥራት ነው።

ምክንያቱ ይኸው። ሦስተኛዋ እግር የግራውንድ ናት፤ ከአምፑ የብረት ሳጥን ጋር ትገናኛለች። የጊታራችሁ ክሮች ደግሞ በኬብሉ አድርገው ከዚያው ሳጥን ጋር ይገናኛሉ። ውስጥ አንድ ሽቦ ተላጦ ሳጥኑን ቢነካ፣ ግራውንድ ካለ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ነገሩ ያበቃል። ግራውንድ ከሌለ መብራቱ ክሩ ላይ ቆሞ እጃችሁን ይጠብቃል። ስፒና ሲቀየር ጎንና ጎኑ ላይ የግራውንድ ብረት ያለው ክቡ ዓይነት ይገጠም፣ ሦስተኛዋም ሽቦ እዚያ ላይ ትታሰር። ዲቫይደሩም የግራውንድ ብረት ያለው መሆን አለበት፤ ርካሾቹ ብረቱ ቢኖራቸውም ውስጥ ሽቦ የሌላቸው አሉ። ከዚያ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የቤታችሁ ሶኬት በእርግጥ ግራውንድ እንዳለው በቴስተር አስለኩ። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ባሉ የድሮ ቤቶች ሶኬቱ ቢኖርም ከጀርባው የግራውንድ ሽቦ የማይኖርበት ጊዜ አለ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከማንኛውም ፔዳል በፊት ይውጣ።

ከዚያ የቮልቱ መዋዠቅ አለ። ቲዩብ ውስጡ ማሞቂያ አለው። በትናንሽ አምፖች ውስጥ የተለመዱት ሁለቱ የቲዩብ ዓይነቶች፣ 12ኤኤክስ7ም ኢኤል84ም፣ የሚፈልጉት 6.3 ቮልት ነው፤ በ10 በመቶ ገደማ ከፍ ዝቅ ቢል ይችሉታል። የግድግዳው መብራት ወደ 180 ሲወርድ ማሞቂያውም አብሮ ይወርዳል፣ ድምፁ ይሰንፋል። ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ የቲዩቡ ዕድሜ ያጥራል። ስታቢላይዘር ግዙ። ትንሹ ይበቃል። 5 ዋት አምፕ ከመብራት የሚጎትተው ከአንድ የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖል አይበልጥም፤ የፍሪጁን ትልቅ ስታቢላይዘር መግዛት ብር ማባከን ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ደግሞ ተነስታችሁ የአምፑን ስዊች ዝጉ። ተመልሶ ሲመጣ አመጣጡ አይታመንም።

አንድ የጎን ነገር፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃ የማቀዝቀዝ ኃይሉ ያንሳል። ቲዩብ አምፕን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ከትቶ ማስነሳት ልክ አይደለም። ጀርባው ይተንፍስ።

ወደ ስሞቹ እንግባ። እኔ ጋ ያለው ቡጌራ ቪ5 ነው። 5 ዋት፣ አንድ ኢኤል84፣ አንድ 12ኤኤክስ7፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር፣ ሪቨርብም (ድምፅ ማስተጋቢያ) አለው። ኃይሉን ከ5 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 0.1 ዋት የሚያወርድ ስዊች አለው። የመረጥኩት በዚህ ስዊችና በቀላልነቱ ነው። 0.1 ላይ ማታም ይቻላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስፒከሩ ስለማይንቀሳቀስ ድምፁ ትንሽ ይደርቃል። ቀን ቀን 1 ዋት ላይ ነው የምጫወተው። የ8 ኢንቹ ስፒከር ድምፅ ጠበብ ይላል። ሌላ ትልቅ ስፒከር ያለው ሰው ቢሰካበት ሌላ አምፕ ይመስላል፤ ኦሙ (ጀርባው ላይ የሚጻፈው የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) ብቻ ይግጠም፣ አምፑ 8 ካለ ስፒከሩም 8 ይሁን።

ሮክ የሚወድ ሰው ማርሻል ዲኤስኤል1ን ይይ፤ 1 ዋት ነው፣ ወደ 0.1 ይወርዳል፣ ሁለት ቻናል አለው። ብላክስታር ኤችቲ-1ም 1 ዋት ነው፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለው፤ ሕፃን ለሚያስተኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ቮክስ ኤሲ4 አራት ዋት ነው፣ ንጹሕ ድምፁ ለትዝታ በጣም ይመቸኛል። ኤፒፎን ቫልቭ ጁኒየር መመረት ካቆመ ቆይቷል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ድምፅ መጨመሪያው። ሰው ይንቀዋል። ደህና ሆኖ ካገኛችሁት ግን አትለፉት።

ፌንደር ብሉስ ጁኒየር የብዙ ሰው ህልም ነው። 15 ዋት፣ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ክብደቱ 14 ኪሎ ገደማ። ሬስቶራንት ውስጥ ከባንድ ጋር ለሚጫወት ሰው ግሩም ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ቁልፉን ከሁለት በላይ ሳታዞሩት ትኖራላችሁ። እዚያ ላይ ደግሞ ያ የምትፈልጉት መሻከር ገና አልመጣም። ለማትጠቀሙበት ዋት አትክፈሉ።

ሻጮች «ቲዩብ ነው» የሚሏቸው ግማሾቹ ደግሞ ግማሽ ናቸው። ለምሳሌ ኦሬንጅ ማይክሮ ቴረር መግቢያው ላይ አንድ ቲዩብ አለው፤ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ግን ትራንዚስተር ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አንድ ኪሎ አይሞላም። ግን ስፒከር ለብቻው ይፈልጋል። የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ አውቃችሁ ክፈሉ።

ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ ሳምንት ሳይሞላው ያረጃል። ከውጭ ለማስመጣት ካሰባችሁ ቀረጡን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ እሱ ሲጨመር ርካሹ ርካሽ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው እኔ ያገለገለ የምመርጠው። ባንዶች፣ ሆቴሎችና አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ሲቀይሩ የድሮው ይወጣል። ቴሌግራም ላይም ይለጠፋል።

ያገለገለ ስታዩ ጊታራችሁን ከመሰካታችሁ በፊት ፊውዙን አስወጡ። በፊውዝ ቦታ የተጠቀለለ ሽቦ ካገኛችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ከዚያ ቲዩቦቹን እዩ። በመስታወቱ ውስጥ ከላይ በኩል እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ቅብ አለ። እሱ ነጭ ሆኖ ከገረጣ አየር ገብቶበታል፣ ቲዩቡ ሞቷል። አብሩትና ጠብቁ። ማሞቂያው ብርቱካናማ ሆኖ ይበራል፣ ይህ ጤና ነው። በዙሪያው ያለው ትልቁ ብረት ራሱ ከቀላ ግን ወዲያው አጥፉ። ድምፁን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። ጎላ ያለ ሁምታ ካለ ብዙ ጊዜ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) አርጅተዋል፤ ይቀየራሉ፣ ዋጋ ግን ያስቀንሳል። በእርሳስ ጫፍ ቲዩቦቹን ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉ። የሚያፏጭ ወይም የሚጮኽ ካለ እሱ መቀየር አለበት። ቁልፍ ስታዞሩ የሚንኳኳው ግን ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፣ አያስፈራችሁ። ስፒከር ሳይሰካበት አምፑን በፍጹም እንዳታስነሱት፤ ኃይሉን ወደ ስፒከሩ የሚያሳልፈውን አውትፑት ትራንስፎርመር ይበላዋል፣ እሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ውዱ ክፍል ነው።

የኔን አምፕ የሚያዩልኝ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። መጀመሪያ ይዤላቸው ስሄድ «ጋሼ፣ ይሄን ያውቁታል?» አልኳቸው። ጀርባውን ከፍተው አዩና ሳቁብኝ። «ይሄ እኮ ሬዲዮ ነው፤ ጣቢያ መያዣው የለውም እንጂ።» እውነታቸውን ነው። ኢኤል84 እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአውሮፓ ሬዲዮኖች ውስጥ የነበረው ያው ቲዩብ ነው። እሳቸው ከተሰባበሩ ሬዲዮኖች የነቀሏቸውን በቆርቆሮ ሙሉ አስቀምጠዋል። ምናለሽ ተራም ፈልጎ ለሚያገኝ ሰው አይጠፋም። አንድ ኢኤል84 ያለው ቀላል አምፕ ግዙ የምለው ለዚህ ነው። ሰርኩዩቱ ትንሽ ነው፣ አሮጌ ሬዲዮ የሠራ ባለሙያ ሁሉ ያነበዋል። ውስጡ ኮምፒውተር የሞላበት አምፕ ሲበላሽ ግን ቦርዱን ከውጭ ማስመጣት ነው፣ ያም ከተገኘ።

ራሳችሁ ግን አትክፈቱት። ከመብራት ነቅላችሁትም ካፓሲተሮቹ ላይ 300 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ጋሼ ራሳቸው መጀመሪያ ያንን ሳያወጡ እጃቸውን አያስገቡም።

ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ብቻ ጊዜ ለሚያገኝ ሰው ቲዩብ አምፕ አልመክርም። ቦስ ካታና ወይም ያማሃ ቲኤችአር ገዝቶ በጆሮ ማዳመጫ ቢጫወት ይሻለዋል። ቲዩብ የላቸውም፣ ደህና አድርገው ያስመስላሉ፣ ማንም አይቀሰቀስም። በጀቱ ጠባብ ከሆነም ያው።

ቲዩቡን ለገዛ ሰው የመጨረሻው ነገር መለዋወጫ ነው። ዛሬ የጊታር ቲዩብ በብዛት የሚሠራው ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና ውስጥ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲኖር ከሽቶና ከጫማ በፊት አንድ ኢኤል84ና አንድ 12ኤኤክስ7 ለምኑት። ሁለተኛው ኢሲሲ83 ተብሎም ይጻፋል፣ ያው ነው። ቦታ አይፈጁም፤ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልለው ሻንጣ መሃል ይገባሉ። አንድ ኢኤል84 ብቻ ባላቸው እንደነዚህ ባሉ አምፖች ላይ ሲቀየር ባየስ (ቲዩቡ ያለ ድምፅ ሲቆይ የሚያሳልፈውን የመብራት መጠን) ማስተካከል አያስፈልግም። አምፑን ንቀሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ አሮጌውን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ዘጠኙን እግሮች ሳታጣምሙ አዲሱን ስኩ።